ፀሐይ የሞቁት ሦስቱ ባትሪዎች

ኤርካሎ ቦልቴ ቀጣፊ ሰው አይደለም። በሶዶው ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ስምንት ዓመት በቴክኒሽያንነት ሲሠራ፣ ብልቃጥ ሰብሮ እንኳ ሄዶ ይናገራል እንጂ በንፋስ አያሳብብም። ታዲያ ይኸው ሰው ነው በዚያ ሰኞ ጠዋት ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለት እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ እንደ ሌባ የሚያልበው።

ፊት ለፊቱ መምህርት ብሩክታይት ቆማ ትናገራለች። ሐሙስ በሦስት ሰዓት የማስተርስ ዲፌንሷ ነው፤ ዛሬ ልምምድ ነው። አማካሪዋ ዶክተር ሚልክያስ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ሌላ ሰሚ የለም። ኤርካሎን ራሷ ናት "ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙኝ፤ እርስዎ ከገባዎት ለሁሉም ይገባል" ብላ ያስቀረችው። ምነው ባላስቀረችው!

"ይህ ባትሪ በዚንክና በውሃ ነው የሚሠራው" አለች። "ርካሽ ነው፤ እሳትም አያነሣም። ጣጣው አዎንታዊ ጫፉ፣ ካቶዱ ላይ ነው። ካቶዱ ማንጋኒዝ ነው፤ ባትሪው ሞልቶ በተራገፈ ቁጥር ማንጋኒዙ ጥቂት በጥቂት እየሟሟ ውሃው ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ሞልቶ ማራገፍን አንድ ዙር እንለዋለን። ዙሩ በጨመረ ቁጥር ካቶዱ ይሳሳል፣ ባትሪው ይደክማል። የእኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ካቶዱን በምን ላቆየው?"

ግድግዳው ላይ የወጣውን መስመር በእንጨት እየተከተለች ቀጠለች። ስድስት ባትሪዎች ሠርታለች፤ እያንዳንዳቸው የእጅ ሰዓት ድንጋይ ቢያክሉ ነው። በሦስቱ ውስጥ ማንጋኒዙ በተለመደው፣ ከውጭ በሚመጣው ማጣበቂያ ተጣብቋል። አረንጓዴ ቴፕ ባለባቸው ሦስቱ ግን ማንጋኒዙን ያጣበቀውና የሸፈነው የእንሰት ቡላ ነው። ስድስቱም እኩል ቀን መፈተሻ ማሽኑ ላይ ተሰኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዘጠና ዙር እንኳ ሳይሞሉ ሞቱ። የቡላዎቹ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዙር ሄደዋል፤ ዛሬም አልሞቱም።

"ከሁሉ የሚገርመው ይኼ ነው" አለች፤ ፊቷ በራ። "መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይቆማል፤ ባትሪዎቹም ያርፋሉ። መብራት ሲመለስ ተራዎቹ እንደደከሙ ይቀጥላሉ። የቡላዎቹ ግን አገግመው ይነሣሉ። አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው። ቡላው በእረፍቱ ሰዓት የሟሟውን ማንጋኒዝ መልሶ እየያዘው ነው ማለት ነው።"

"እዚህ ጋ እንዳትቸኩይ" አሉ ዶክተር ሚልክያስ። "የሚያሳልፍሽ ይኼ ገጽ ነው።"

ኤርካሎ ዓይኑን ከመስመሩ ወደ ወለሉ አወረደ። ባትሪዎቹ መቼ አረፉና! ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። ያሞቃቸውም እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርካሎ ያደገው ከገሱባ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። በዚያ አገር የሬዲዮ ድንጋይ ደከመ ተብሎ አይጣልም። መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ ይሰጣል። ፀሐይ ጠጥቶ ሲሞቅ ተመልሶ ሬዲዮው ውስጥ ይገባል፤ ሬዲዮውም ጉሮሮውን ጠርጎ ዜናውን ይቀጥላል። እንደገና ሲደክም ደግሞ በጥርስ ይነከሳል። አባቱ በአራት ድንጋይ ዓመት ከመንፈቅ ዜና ሰምተዋል፤ የድንጋዮቹ ገላ የጥርስ ምልክት ብቻ ነበር። ይኼን ኤርካሎን ያስተማረው የለም። ጫማ ማሰርን እንደለመደው ሁሉ ለመደው።

ቡላው ደግሞ የማንም ቡላ አይደለም፤ የሚስቱ የአገርነሽ ቡላ ነው። ብሩክታይት ንጹሕ ቡላ አጥታ ስትንከራተት ጊዜ "የእኛን ቤት ቡላ ልይዝልሽ" ያላት እሱ ነው። አገርነሽ ከጓሮዋ እንሰት ፍቃ፣ ጨምቃ፣ አጥልላ፣ በኮባ ጠቅልላ ሰጠችው። በባጃጅ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አመጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አረንጓዴ ቴፕ ያለባቸው ሦስቱ በኤርካሎ ልብ የቤቱ ልጆች ሆኑ። ሌሎቹ ሦስቱ የጎረቤት ናቸው።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን፣ መምህርቷ ክፍል ገብታ ስታስተምር፣ መብራት ጠፋ። ኤርካሎ ማሽኑን ሊያይ ሲመጣ በራሱ ባትሪ በሚሠራው ኮምፒዩተር ላይ የአምስተኛው ባትሪ መስመር ወደ ታች አዘንብሎ መቆሙን አየ። አረንጓዴ ቴፕ አለበት። የአገርነሽ ቡላ ከውጭ በመጣ ማጣበቂያ ሊሸነፍ ነው? ሦስቱን ነቅሎ በኋላው መስኮት በኩል ካለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣቸው። ሰዓት ያህል ከሞቁ በኋላ መለሳቸው። መብራት መጣ፣ ማሽኑ ቀጠለ፣ መስመሩም ቀና አለ።

ማታ ላይ ብሩክታይት መስመሩን አይታ ጮኸች። እየዘለለች መጥታ አንገቱን አቀፈችው። "ጋሼ፣ ተነሣልን! ተነሣልን!" አለችው። ኤርካሎም ደስ አለው። ያን ሰዓት ምን ብሎ ይናገር? ደግሞስ ምን የሚናገረው ነገር አለ? ችግኝ ውሃ ሲጠማው አጠጣሁ ብሎ የሚያውጅ ሰው አለ? በሁለተኛው የመብራት ጥፋት ደገመው። በሦስተኛውም። ሶዶ ደግሞ በዚያ በሁለት ሺህ ስምንት ዓመተ ምሕረት የመብራት ጥፋት ችግረኛ አልነበረችም። አንዳንድ ቀን ባትሪዎቹ ገና ቆርቆሮው ላይ ሳሉ መብራቱ ይመጣና፣ ኤርካሎ በዚያ ዕድሜው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲሮጥ ያየው የጥበቃ ሠራተኛ ሆዱን አሞት ነው ይል ነበር።

እስከዚያ ሰኞ ድረስ ነገሩ ኃጢአት መሆኑ አልታየውም። መምህርቷ ባትሪው እንዲኖርላት ትፈልጋለች፤ እሱ አኖረላት፤ አለቀ። አሁን ግን "ቡላው ነው" ስትል በጆሮው ሰማ። የእሱ ፀሐይ የእሷ እውቀት ሆኖ መጽሐፍ ውስጥ ገብቷል።

ልምምዱ ሲያልቅ ዶክተር ሚልክያስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉና "የፀሐይ መብራቱም ጉዳይ አልቋል" አሏት። "የዕርዳታ ድርጅቱ ተወካይ ሐሙስ ትመጣለች። አንቺ ካለፍሽ ለኪንዶ ዲዳዬ ጤና ኬላዎች አርባ የፀሐይ መብራት በዚህ ባትሪ ይሠራል። በዚያው ቀን ትፈርማለች።"

ኤርካሎ ይህን ሲሰማ ከግድግዳው ቀና አለ። ኪንዶ ዲዳዬ ውስጥ፣ ከወረዳው ከተማ ከሃላሌ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ጤና ኬላ፣ የገዛ ልጁ ፈጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

ማክሰኞ ሊናገር ቆርጦ ገባ። በመንገድ ላይ ንግግሩን አዘጋጅቶ ነበር። "መምህርት፣ አንድ ነገር አጥፍቼአለሁ" ብሎ ይጀምራል። በሩን ሲከፍት ብሩክታይት በቅጡ ያልበላ ሰው ፊት ይዛ ወረቀት ስትጠርዝ አገኛት።

"ጋሼ፣ ይምጡ ይምጡ! የሚያዩት ነገር አለ" አለችው።

ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱን ገልጣ ሰጠችው። የምስጋና ገጽ ነው። በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ሆኖም ስምን ማንበብ አያቅተውም። ከዶክተር ሚልክያስ ስም ቀጥሎ አቶ ኤርካሎ ቦልቴ ይላል። ቀጥሎ ወይዘሮ አገርነሽ።

"ባትሪዎቹን እንደ ዓይናቸው ብሌን ለጠበቁልኝ ይላል" አለች ጣቷን እያስኬደች።

ኤርካሎ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ በመጨረሻ፤ ወጥቶም ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ግንባሩን በቡጢ መታ። አዬ ወንድነት!

ዕለቱኑ ከሰዓት በኋላ ፈጠነች ደወለች። ኔትወርክ ለማግኘት ከኬላው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ስለምትወጣ ሁልጊዜ እያለከለከች ነው የምታወራው። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው።

"አባዬ፣ ስማችን ዝርዝሩ ውስጥ አለ!" አለችው። "ወረዳው ነገረን። መብራቱ ከሶዶ ነው አሉኝ። ያንተ ላቦራቶሪ ነው አይደል?"

"ነው" አለ ኤርካሎ።

"ጤና ጣቢያ መድረስ ያቃታቸው ነፍሰ ጡሮች እኮ እኔ ጋ ነው የሚመጡት። ባለፈው ሳምንት በሞባይል መብራት ነው ያዋለድኩት፤ ሞባይሉን በጥርሴ ነክሼ። አሁንስ ተገላገልኩ! ኩራዜንም ለሰው ልሰጠው ነው።"

"አይ፣ ኩራዙን እንኳ አትስጪ" አለ ቸኩሎ።

"ምነው?"

"እንዲሁ ነው። ይቀመጥ።"

ስልኩ ተዘጋ። ኤርካሎ በጣቱ ቆጠረ። የፀሐይ መብራት በየቀኑ ይሞላል፣ በየሌሊቱ ይራገፋል፤ ስለዚህ በቀን አንድ ዙር ነው። ሦስት መቶ ዙር ማለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ቡላው ከተራው ማጣበቂያ የማይሻል ከሆነ ግን፣ ዘጠና ዙር ማለት ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ሙሉ ልጁ ኩራዙን ረስታ በመብራቱ ታምናለች። ከዚያ አንድ ቀን፣ አንዷ ሴት ምጥ ላይ ሳለች፣ ድርግም ይላል። ቡላው ይሻላል ወይስ አይሻልም? እሱ አያውቅም። ብሩክታይትም አታውቅም። እንዳታውቅ ያደረጋት እሱ ነው።

ቤቱ ሲደርስ አገርነሽ ነጭ ነጠላዋን አጥባ አስጥታ ጠበቀችው። ሐሙስ አዳራሽ ልትገባ ነው። ስሟ መጽሐፍ ላይ መውጣቱን የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን በሙሉ ሰምተዋል። ኤርካሎ ነጠላውን ሲያይ አላስቻለውም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ሁሉንም ዘረገፈላት።

አገርነሽ እስኪጨርስ ሰማችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

"የኔ ቡላ ደካማ መስሎህ ነው?" አለችው።

"እንዳይሸነፍብሽ ብዬ ነው።"

"ማን ደግፍልኝ አለህ? ራሱን ችሎ ይቁም ብዬ ነው የሰጠኋት። ቢወድቅም የኔ አወዳደቅ ነበር። አሁን ቢያሸንፍም የኔ አይደለም።" ነጠላዋን ከገመዱ ላይ አወረደችና ገና እርጥብ ሳለ አጣጠፈችው። "ፈጠነች ምን እንደሚደርስባት ታውቃለህ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"እንግዲያው ነገ ሳትናገር ወደዚህ ቤት እንዳትመጣ።"

ረቡዕ ጠዋት ኤርካሎ ላቦራቶሪ ሲገባ ብሩክታይት ብቻዋን ነበረች። ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ሦስቱ ባትሪዎች ቦታቸው ላይ ናቸው። በሩን ከኋላው ዘጋው። ብሩክታይት የበሩን ድምፅ ሰምታ ቀና አለች፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን በር ዘግቶት አያውቅም።

"መምህርት" አለ። ያዘጋጀው ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። "ባትሪዎቹ ፀሐይ አሞቅኳቸው።"

"ምን?"

"መብራት ሲሄድ እኔ ነቅዬ ቆርቆሮው ላይ አስቀምጥ ነበር። እንደ ሬዲዮ ድንጋይ። አረንጓዴዎቹን ብቻ። ከዚያ መልሼ እሰካለሁ። መስመሩ የሚነሣው ለዚያ ነው።"

ብሩክታይት ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። ከዚያ ፊቱን አየች፤ ሳቁ ከከንፈሯ ላይ ረገፈ።

ኮምፒዩተሩ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። መስመሩን ከፈተች፤ የቆመበትንና የቀጠለበትን ሰዓት አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከኅዳር ጀምሮ ቀን ቀን መብራት በጠፋ ቁጥር መስመሩ ተነሥቷል። ሌሊት በጠፋ ጊዜ አልተነሣም። ይህን ልዩነት ከዚህ ቀደም ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ሌሊት ኤርካሎ ቤቱ ነው፤ ሌሊት ፀሐይም የለም።

"ሦስት ወር" አለች ወደ እሱ ዞራ። "ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔን እያዩ! እኔ ሌሊት እየተነሣሁ ስለ ቡላው የማነበው፣ የምጽፈው፣ እርስዎ ባትሪ ሲያሰጡ? እንደ በርበሬ?"

"ልረዳሽ ብዬ ነው።"

"አይርዱኝ! ማን እርዱኝ አለዎት? ባትሪው መሞት ካለበት ይሙት! አሟሟቱን እኮ ነው የማጠናው!" ጠረጴዛውን በእጇ መታችው። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ኤርካሎም እጁን ወደ ትከሻዋ ሰድዶ፣ ሳይደርስ መለሰው።

በዚህ መሃል ዶክተር ሚልክያስ ገቡ። የሆነውን ከብሩክታይት አፍ ሰሙ። ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ በሩን መለስ ብለው አዩት።

"ማን ሰምቷል?" አሉ።

"እኛ ብቻ።"

"ጥሩ። አዳምጡኝ። ነገ ዲፌንሱ ይካሄዳል። ገምጋሚው ከአዲስ አበባ ተሳፍረዋል፤ ተወካይዋም ትመጣለች። ካለፍሽ በኋላ አዲስ ባትሪ ሠርተሽ ታረጋግጫለሽ። ቡላው ጥሩ ሊሆን ይችላል እኮ! ማን አይደለም አለ? አቶ ኤርካሎ ምንም አልተናገሩም። እኔም አልሰማሁም።"

"መብራቱስ ዶክተር?" አለ ኤርካሎ።

"መብራቱ እስኪሠራ ጊዜ አለ።"

"የኔ ልጅ እዚያ ናት።"

ዶክተር ሚልክያስ ሰዓታቸውን አዩ። ብሩክታይት ዓይኗን ጠርጋ ኮምፒዩተሯን ዘጋች፣ ቦርሳዋን አነሣች። በር ላይ ስትደርስ ኤርካሎ "መምህርት፣ ምን ልታደርጊ ነው?" አላት። ሳትመልስለት ወጣች። ያን ቀን ሙሉ ስልኳን አላነሣችም።

ኤርካሎ ቤቱ ሲገባ ለአገርነሽ "ተናግሬአለሁ" አላት፤ እሷም ራት አቀረበችለት። የእሱ ተራ አልፏል። አሁን ነገሩ በአንዲት ልጅ እጅ ነው፤ ልጅቱ ደግሞ ሁለት ዓመት ለፍታለች፣ እናቷ አረካ ላይ ጎመን ሸጣ ነው ያስተማረቻት። ብትደብቀው ማን ይፈርድባታል? እሱ ራሱ ሦስት ወር ደብቆ የለም?

ሐሙስ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከአዲስ አበባ የመጡት ገምጋሚ ዶክተር ሰብስቤ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ከሲታ ሽማግሌ ናቸው። የዕርዳታ ድርጅቱ ተወካይ ማኅደሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ኤርካሎ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አገርነሽ ነጠላዋን ለብሳ አጠገቡ ናት። መምጣቱን አልተወችውም፤ "አወዳደቄንም ቢሆን ቆሜ ልየው" ብላዋለች።

ብሩክታይት ጀመረች። ድምፅዋ አልተናወጠም። ስለ ዚንኩ ተናገረች፣ ስለ ካቶዱ፣ ስለሚሟሟው ማንጋኒዝ። ስለ ቡላው አሠራር ስትናገር ኤርካሎ አገርነሽን በጎን አያት፤ ወደ ፊት ብቻ ነው የምታየው። ተራዎቹ ሦስቱ እንዴት እንደሞቱ አሳየች። ከዚያ ያ ገጽ መጣ። መስመሩ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ዙር።

"የቡላዎቹ ባትሪዎች እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ዙር ቆይተዋል" አለች።

አዳራሹ ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። ተወካይዋ ብዕሯን አወጣች። ዶክተር ሚልክያስ ፈገግ አሉ። አለፈ ማለት ነው፣ አለ ኤርካሎ በልቡ። ደበቀችው። እግዜር ይይላት አይልም ነገር፣ አንጀቱ አልቻለም፤ እንኳን ተገላገለች እንዳይል ደግሞ ፈጠነች ፊቱ ላይ መጣች።

"ይህን ውጤት ግን አላቀርበውም" አለች ብሩክታይት። "ተበላሽቷል። እንዴት እንደተበላሸ ያወቅኩት ትናንት ነው። የሚያስረዱት ሰው እዚህ አሉ።"

አንገቶች ሁሉ ዞሩ። ኤርካሎ ተነሣ። ዶክተሮች በተሰበሰቡበት አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ አማርኛውም ሲደነግጥ ይበላሻል።

"እኔ ነኝ" አለ። "መብራት ሲሄድ ባትሪው ፀሐይ ላይ አደርግ ነበር። የሬዲዮ ድንጋይ በእኛ አገር እንደዚያ ነው። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ነው ያደረግኩት፤ የባለቤቴ ቡላ ስለሆነ። እሷ አያውቅም። መምህርቷም አያውቅም።"

ከመሃል አንዱ ሳቀ። ሳቁ ተያያዘ፤ አንድ ወጣት መምህር "መንከስስ አልሞከሩም?" አለ፤ አዳራሹ ፈነዳ። ኤርካሎ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠው ወደደ።

ዶክተር ሰብስቤ ብቻ አልሳቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱና እጃቸውን አነሡ፤ ሳቁ ቆመ።

"ስንት ጊዜ አሞቋቸው?"

"ብዙ ጊዜ።"

"ብዙ ማለት?"

"ሃያ… ሃያ አምስት ይሆናል።"

"በየጊዜው ለምን ያህል ሰዓት?"

"አንዳንዴ አንድ ሰዓት። አንዳንዴ መብራት እስኪመጣ።"

"ቆርቆሮው ምን ያህል ይሞቃል? ለክተዋል?"

"አልለካሁም።"

"ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈዋል?"

"አልጻፍኩም።"

"ለምን?"

"በድብቅ ነበር የማደርገው" አለ።

ዶክተር ሰብስቤ ወደ መስመሩ ዞሩ። "አቶ ኤርካሎ፣ እኔ አልስቅብዎትም" አሉ። "እንዲህ ያለ ካቶድ እዚህ ድረስ ሲቆይ እኔ አላየሁም። ያቆየው ቡላው ይሆናል። ሙቀቱ ይሆናል። ሁለቱ አብረው ይሆናሉ። ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ያህል ሙቀት ብለው ቢጽፉልን ኖሮ ዛሬ እዚህ የምንሰማው ትልቅ ነገር ነበር። ባለመጻፍዎ ግን ምንም አልሰማንም። ቆርቆሮው ላይ የተገኘው እዚያው ቆርቆሮው ላይ ቀረ።"

ሳቁ እንዲህ አላመመውም ነበር። ኤርካሎ በሕይወቱ አንድ ትልቅ ነገር ሠርቶ ሊሆን እንደሚችልና በገዛ እጁ እንዳጠፋው በአንድ ደቂቃ ሰማ። ተቀመጠ ሳይሆን ወደቀ። አገርነሽ ክንዱን ያዘችው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ስትነካው የመጀመሪያዋ ነው።

ውሳኔው ረጅም አልነበረም። ሙከራው እንደገና በአዲስ ባትሪዎች ይሠራ፤ ስድስት ወር ተሰጥቷል። ተወካይዋ ብዕሯን መልሳ ማኅደሯን ዘጋች። ወደ ብሩክታይት ሄዳ እጇን ጨበጠች፤ "ስላልደበቅሽን አመሰግናለሁ፤ ገንዘቡ ግን ለሌላ ወረዳ ይሄዳል" አለቻት። ዶክተር ሚልክያስ ማንንም ሳያናግሩ ወጡ።

ብሩክታይት ኤርካሎን ያገኘችው ደረጃው ሥር ነው። ዓይኗ አብጧል።

"ሰኞ በሁለት ሰዓት ይግቡ" አለችው። "አሥራ ሁለት እንሠራለን። ስድስቱ በተራ ማጣበቂያ፣ ስድስቱ በቡላ። ከሁለቱም ሦስት ሦስቱን ፀሐይ ያሞቃሉ፤ ሌሎቹን አይነኩም። ሰዓቱን ይጽፋሉ። ሙቀቱን ይጽፋሉ።"

"እሺ መምህርት።"

"ይቅር እንዳልኩዎት ግን አይቁጠሩት። ገና ነኝ።"

"እሺ" አለ ኤርካሎ። ይቅርታ ሊጠይቅ ገና አፉን ሳይከፍት ሄደች።

አገርነሽን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ እሱ ቀረ። ሳይደውል ወደ ቤት መሄድ አልፈለገም። ከግቢው በር ውጭ፣ ከአንድ አጥር ሥር ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ሞከረ፤ "የደወሉላቸው ደንበኛ" ይላል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ራሷ ደወለች። እያለከለከች ነበር።

"አባዬ! ተፈረመ?"

"አልተፈረመም" አለ በወላይትኛ። "አይመጣም። ለሌላ ወረዳ ሄደ።"

"ምነው? ባትሪው መጥፎ ሆነ?"

"ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያውቅ የለም። እንዳይታወቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገራት። አሳጥሮ፣ ራሱን ሳያስመልጥ ነገራት። "መብራቱ ከመጣልሽ በኋላ እጅሽ ላይ ድርግም እንዳይልብሽ ፈራሁ። ለዚያ ነው የተናገርኩት።"

ንፋሱ ብቻ ስልኩ ውስጥ ይሰማል።

"ልጄ?"

"እየቆጠርኩ ነው" አለች። "እስከ ስድስት ወር ድረስ የሚወልዱ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች መዝገቤ ላይ አሉ።"

ኤርካሎ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

"በመናገርህ አልቆጣህም" አለች። "ሦስት ወር ዝም በማለትህ ግን ተቆጥቻለሁ። ቀደም ብለህ ብትናገር ኖሮ እስካሁን ታውቆ ነበር።" ከሩቅ አንዲት ሴት ስሟን ስትጠራ ተሰማ፤ ሌላ ድምፅም ከሷ ቀጥሎ፣ የሚያቃስት። ፈጠነች ስልኩን ከአፏ አርቃ "መጣሁ!" ብላ ጮኸች፤ ወደ አባቷም ተመለሰች። "ከአሥራ ዘጠኙ የመጀመሪያዋ ደርሳለች። ሊጨልምብኝ ነው አባዬ፣ ልዝጋው።"